ዝም የተባለ ማስጠንቀቂያ የማን ውሳኔ ነው? በኢንዱስትሪ ተቆጣጣሪዎች ፕሮግራም ላይ የቀረበ አስተያየት

ለማስተርስ ጥናቴ መረጃ በምሰበስብበት ወቅት፣ በአሶሳ ዞን ከሚገኙ አነስተኛ ከተሞች በአንደኛዋ ያለ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ለሁለት ቀናት የመመልከት ዕድል አግኝቼ ነበር። ጣቢያው ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ስቦ ኮረብታ ላይ ወደሚገኝ ማጠራቀሚያ ጋን የሚገፋ ሲሆን፣ የሚመራውም ፒኤልሲ በሚል አጠራር በሚታወቀው፣ በፕሮግራም በሚታዘዝ አነስተኛ የኢንዱስትሪ ተቆጣጣሪ ነው። በዕድሜ የሚበልጡኝ የጣቢያው ኦፕሬተር በቁጥጥር ሳጥኑ በር ላይ የተገጠመውን ትንሽ ስክሪን እያሳዩኝ «ኢንጂነር፣ ይህ ማሽን አንዳንዴ ይቃዣል» አሉኝ። ፓምፑ የሠራበት ጠቅላላ ሰዓት በሚታይበት ቦታ 27 ሺህ ገደማ የሚሆን ቁጥር ይነበባል፤ ከፊቱ ግን የመቀነስ ምልክት አለ። «ሠርቶ የማያውቅ ፓምፕ እንኳ ዜሮ ይላል፤ ይህኛው ከዜሮ በታች ሠራ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መልሱ የሚያስቅ አልነበረም። የፓምፑን የሥራ ሰዓት የሚቆጥረው የፕሮግራሙ ክፍል ምልክት የሌለው ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ይጠቀማል፤ ይህ የዳታ ዓይነት ከ0 እስከ 65,535 ይይዛል። ውጤቱን ተቀብሎ ለስክሪኑና ለጥገና ማሳሰቢያው የሚያስተላልፈው ተለዋዋጭ ግን ምልክት ያለው ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ነው፤ ይህኛው ከ32,767 በላይ መያዝ አይችልም። ከዚያ በላይ አንድ ሰዓት ሲጨመር ወደ −32,768 ይገለበጣል። በቀን 16 ሰዓት ያህል ለሚሠራ ፓምፕ 32,767 ሰዓት ማለት አምስት ዓመት ከሰባት ወር ገደማ ነው። ጣቢያው ሥራ ከጀመረ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ስለዚህ ስህተቱ በፍተሻው ቀን የለም፤ በዋስትናው ዘመን የለም፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ ሌላ ከተማ፣ ምናልባትም ሌላ መሥሪያ ቤት ከገባ በኋላ ነው ብቅ ያለው።

በየ4,000 የሥራ ሰዓቱ መብራት እንዲያበራ የታሰበው የጥገና ማሳሰቢያም ከዚያ ጊዜ ወዲህ በርቶ አያውቅም፤ ምክንያቱም ከዜሮ በታች የሆነ ጠቅላላ ሰዓት የመጨረሻው ጥገና ከተደረገበት ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ባለፈው በጋ የፓምፑ ሞተር ተቃጥሎ ከተማዋ ሌላ ሞተር ተፈልጎ እስኪመጣላት ድረስ በጄሪካንና በአህያ ጀርባ ውሃ ስትቀዳ ሰነበተች። ሞተሩ የተቃጠለው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅም፣ አሸዋም፣ እርጅናም ሞተር ያቃጥላሉ። ይሁንና ሊጮህ የሚገባው መሣሪያ ዝም ብሎ እንደነበር አያጠራጥርም።

ወደ ዋናው ጉዳይ የወሰደኝ ግን ከዚህ በኋላ ያየሁት ነው። በጣቢያው ላፕቶፕ ላይ የነበረውን የፕሮግራሙን ፕሮጀክት ከፍቼ ሳጠናቅረው ኮምፓይለሩ «0 ስህተት፣ 0 ማስጠንቀቂያ» አለኝ። ምልክት ከሌለው ቁጥር ምልክት ወዳለው ቁጥር ያለ ግልጽ ትእዛዝ ሲዛወር ይህ ኮምፓይለር የማስጠንቀቅ ልማድ እንዳለው አውቃለሁና የፕሮጀክቱን ማስተካከያ ገጽ ተመለከትሁ። የማስጠንቀቂያዎቹ ዝርዝር በሚታይበት ሠንጠረዥ ላይ የነበሩት ምልክቶች በሙሉ ተነሥተዋል። መልሼ አብርቼ ሳጠናቅረው ከሁለት መቶ በላይ ማስጠንቀቂያ ወረደ። ከእነርሱ መካከል አንዱ ያንኑ የሥራ ሰዓቱን መስመር ቁጥር ጠቅሶ፣ በዝውውሩ የቁጥሩ ምልክት ሊለወጥ እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። ስህተቱ ገና ከመወለዱ በፊት ተነግሮ ነበር ማለት ነው፤ የተነገረውን ሰው ግን ማን እንደሆነ የሚያሳይ አንድም ወረቀት የለም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይመነጫል። የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያን መዝጋት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ያለ ምክንያት፣ ያለ ስምና ያለ ቀን መዝጋት ግን ጥፋት ነው። የትኛው ማስጠንቀቂያ እንደበራ፣ የትኛው እንደጠፋ መወሰን የፕሮግራም ጸሐፊው የግል ምርጫ ሳይሆን የተቋሙ የምህንድስና ውሳኔ ነው። ስለሆነም እንደ ሽቦ ንድፉና እንደ ፓምፑ የመመሪያ መጽሐፍ ሁሉ ለባለቤቱ በርክክብ ሊሰጥ ይገባዋል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት

ከዘርፉ ውጭ ለሆኑ አንባቢዎች ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ኮምፓይለር የሰው ልጅ የጻፈውን ፕሮግራም ተቆጣጣሪው ወደሚፈጽመው የማሽን ቋንቋ የሚያጠናቅር መሣሪያ ነው። ስህተት ሲያገኝ ሥራውን ያቆማል። ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ግን ማጠናቀሩን ሳያቋርጥ «ይህ ሕጋዊ ነው፤ ያሰብከው ይህን ይሆን?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። የፒኤልሲ ቋንቋዎችን የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኢሲ 61131-3፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ደረጃው የዳታ ዓይነቶችንና ዝውውራቸውን ቢዘረዝርም፣ ኮምፓይለሩ በምን ላይ ማስጠንቀቅ እንዳለበትና ማስጠንቀቂያው እንዴት እንደሚስተካከል በአብዛኛው የአምራቾች ፈንታ ሆኖ ቀርቷል።

ውጤቱ እንደ ምርቱ ይለያያል። በርካታ የተቆጣጣሪ አምራቾች መሠረት ባደረጉት በኮዴሲስ ውስጥ ማስጠንቀቂያዎቹ በፕሮጀክት ማስተካከያ ገጽ ላይ አንድ በአንድ የሚበሩና የሚጠፉ ናቸው፤ ከዚህም ሌላ በፕሮግራሙ ጽሑፍ መካከል በሚገባ ልዩ ትእዛዝ ለጥቂት መስመሮች ብቻ አጥፍቶ መልሶ ማብራት ይቻላል። በሲመንስ ቲአይኤ ፖርታል ደግሞ በእያንዳንዱ የፕሮግራም ብሎክ ባሕርያት ሥር የአይኢሲ ፍተሻ የሚባል ምርጫ አለ፤ ሲበራ የዳታ ዓይነቶች ተስማሚነት በጥብቅ ይመረመራል፣ ሲጠፋ ብዙ ዝውውር በዝምታ ያልፋል። ለኮምፒውተር ፕሮግራም በሰፊው የሚያገለግለው የጂሲሲ ኮምፓይለር እንኳ ስሙ «ሁሉንም» የሚል የማስጠንቀቂያ ምርጫ ቢኖረውም፣ የቁጥር ዝውውርን የሚመለከተው ማስጠንቀቂያ በዚያ ውስጥ አይካተትም፤ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ስም ሁልጊዜ ግብርን አይገልጽም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ነገር ይህ ነው፦ ማስተካከያው የሚቀመጠው በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ እንጂ በተቆጣጣሪው ሆድ ውስጥ አይደለም። ተቆጣጣሪው የሚሸከመው ተጠናቅሮ ያለቀውን ውጤት ነው። ሁለት መቶ ማስጠንቀቂያ ታልፎ የተጠናቀረ ፕሮግራምና አንድም ማስጠንቀቂያ የሌለበት ፕሮግራም በቁጥጥር ሳጥኑ ውስጥ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሁለቱም አረንጓዴ መብራት እኩል ይበራል። ስለዚህ የፕሮጀክቱ ፋይል በርክክብ ካልተሰጠ፣ ማስጠንቀቂያዎቹ ከገንቢው ላፕቶፕ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኝ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ መስመር ለማስተካከል ባለሙያ ማስመጣት የትራንስፖርት፣ የውሎ አበልና የሳምንታት ጥበቃ ጉዳይ ነውና።

ከጉባ የተወሰደ ሒሳብ

ክልላችን በአሁኑ ሰዓት የኢንዱስትሪ ተቆጣጣሪ ብርቅ የሆነበት አካባቢ አይደለም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል አመንጭቶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አሥራ ሦስት ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በኩርሙክ የወርቅ ማዕድን ፕሮጀክት፣ በከተሞች የውሃ አቅርቦት፣ በእምነ በረድ መቁረጫ ሥፍራዎች ሁሉ ሞተርን የሚያስነሣና የሚያቆም ተቆጣጣሪ አለ ወይም ሊኖር ነው።

ለክፍል ውስጥ ማስተማሪያ እንዲሆን ከግድቡ አንድ ቁጥር ልዋስ። ይህ የሒሳብ ምሳሌ እንጂ የግድቡ ተቆጣጣሪዎች እንዴት እንደተጻፉ የሚናገር አይደለም። የሐይቁ ሙሉ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ነው። አንድ ተማሪ ክፍልፋይ ላለመጠቀም ብሎ ከፍታውን በሴንቲ ሜትር ቢይዘው 64,000 ይሆናል። ምልክት በሌለው ባለ 16 ቢት ቁጥር ይህ በሚገባ ይያዛል። ያንኑ ቁጥር ምልክት ወዳለው ተለዋዋጭ ቢያዛውረው ግን −1,536 ይነበባል፤ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ፕሮግራሙ ውሃው ከባሕር ጠለል በታች 15 ሜትር ከ36 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ይላል።

እንዲህ ያለው ስህተት አስደንጋጭ ቢመስልም ከሁሉ አደገኛው አይደለም። በዚያ ሥፍራ የወንዙ ወለል ራሱ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ቁጥሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሳሳተ ይሆናል፤ ማንም ፈታሽ ያየዋል። አሁን ተማሪው ሐሳቡን ለውጦ የውሃውን ጥልቀት ከወለሉ ጀምሮ በሚሊ ሜትር ቢለካስ? ጥልቀቱ 32 ሜትር ከ76 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ነገር ትክክል ነው። ፍተሻው ያልፋል፤ ርክክቡ ይፈረማል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ ውሃው ይጨምራል። በሁለቱም ጊዜ ኮምፓይለሩ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ አንድ ነው። ፍተሻ ሊያገኘው የማይችለውንና ጊዜ ብቻ የሚገልጠውን ስህተት ገና በማጠናቀር ጊዜ የሚጠቁም ርካሽ መሣሪያ ይህ ነው፤ ዋጋውም እዚህ ላይ ነው።

ከግድቡ ታሪክ ሌላም ትምህርት መውሰድ ይቻላል። የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው በመጀመሪያ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከኮርፖሬሽኑ ተነሥቶ ከዚያ ወዲህ የአውሮፓና የቻይና ኩባንያዎች ድርሻ ይዘው ቀጥለውታል። ትልልቅ ሥራዎች በአንድ እጅ ተጀምረው በሌላ እጅ ማለቃቸው በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ኮንትራት ሲለወጥ ብረቱና ሲሚንቶው በቦታው ይቆያሉ፤ ያልተጻፈ ምክንያት ግን ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል። በአነስተኛ የውሃ ጣቢያም ቢሆን ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው።

«አውቄ ነው ያደረግሁት» ማለት ምን ማለት ነው?

አንዳንድ መምህራንና ባልደረቦች «እንግዲያውስ ሁሉንም ማስጠንቀቂያ እንደ ስህተት ቆጥሮ ማጠናቀሩን ማስቆም ነው» ይላሉ። በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበሩት ጄራርድ ሆልዝማን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት የአሥር ሕጎች ዝርዝር ውስጥ አሥረኛው ወደዚህ የቀረበ ነው፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉም ማስጠንቀቂያዎች በርተው ይጠናቀር፤ አንድም ማስጠንቀቂያ አይገኝ። ኮምፓይለሩ ግራ ተጋብቶ ያለቦታው ካስጠነቀቀ እንኳ፣ ግራ እንዳይጋባ ተደርጎ ፕሮግራሙ እንደገና ይጻፍ ይላሉ። ሐሳቡን አከብራለሁ። ነገር ግን እኛ ባለንበት ሁኔታ ያለ ሌላ ድጋፍ ቢታዘዝ ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁ፤ ራሴም አድርጌዋለሁና።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋለት በዝውውሩ ላይ ግልጽ የመለወጫ ትእዛዝ ይጨምራል። ኮምፓይለሩ «አውቆ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ቁጥሩ ግን አሁንም ይገለበጣል። አሁን ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በኋላ የሚመጣው አንባቢ ግልጽ የመለወጫ ትእዛዝ ሲያይ ከጀርባው የታሰበበት ውሳኔ ያለ ይመስለዋል። በታሰበበትና ባልታሰበበት ትእዛዝ መካከል በዓይን የሚታይ ልዩነት የለም።

ለዚህ በዓለም ላይ ከታወቁት ማስረጃዎች ሁሉ የሚበልጠው የአሪያን 5 ሮኬት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ሮኬቱ በመጀመሪያ በረራው ሞተሩ በተቀጣጠለ በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደመ። መነሻው ባለ 64 ቢት ክፍልፋይ ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ምልክት ያለው ሙሉ ቁጥር ሲለወጥ አለመያዙ ነበር። ታሪኩ በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን የመርማሪ ቦርዱ ሪፖርት የያዘው ዝርዝር ነው። መሐንዲሶቹ አደጋውን ያውቁት ነበር። ሰባት ተለዋዋጮች ለዚህ ዓይነት መሞላት የተጋለጡ መሆናቸውን ለይተው ለአራቱ መከላከያ አበጅተዋል፤ የኮምፒውተሩ የሥራ ጫና ከ80 በመቶ እንዳይበልጥ የተቀመጠውን ገደብ ለመጠበቅ ሲባል ሦስቱን ያለ መከላከያ ተውአቸው። ውሳኔው ለአሪያን 4 በረራ ምክንያታዊ ነበር። የውሳኔው ምክንያት ግን በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ አልተመዘገበም። ፕሮግራሙ ወደ አዲሱ ሮኬት ሲዛወር ቁጥሩ ከቀድሞው እንደሚበልጥ ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄው «ማስጠንቀቂያው በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» ብቻ መሆን የለበትም። «ያጠፋው ማን ነው? በምን ምክንያት? ምክንያቱ እስከ መቼ ይሠራል?» የሚሉትም መጠየቅ አለባቸው። በፓምፕ ጣቢያው ፕሮግራም ውስጥ ከዚያች መስመር በላይ «ይህ ቁጥር ከ32,767 ሰዓት በፊት ወደ ዜሮ መመለስ አለበት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ማስጠንቀቂያው ቢዘጋም ቅር ባላለኝ ነበር።

በሌላ በኩል ሁለት መቶ ማስጠንቀቂያ አብርቶ መተውም መፍትሔ አይደለም። የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኞች ይህን ከእኛ ቀድመው ተምረውታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1994 በዌልስ ሚልፎርድ ሄቨን በሚገኘው የነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ ከመድረሱ በፊት በነበሩት የመጨረሻዎቹ 11 ደቂቃዎች፣ ሁለቱ ኦፕሬተሮች 275 የአደጋ ደወሎችን መለየትና መመለስ ነበረባቸው። ከእንዲህ ያሉ አደጋዎች በኋላ የደወል አስተዳደር ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ሆኗል፤ አይኢሲ 62682 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃም ወጥቶለታል። በዚያ ዲሲፕሊን መሠረት እያንዳንዱ ደወል ምክንያት፣ ደረጃና ኦፕሬተሩ ሊወስደው የሚገባ እርምጃ ሊኖረው ይገባል፤ ማጥፋትም ፈቃድና መዝገብ ይጠይቃል። ለኦፕሬተሩ ደወል ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ለፕሮግራም ጸሐፊው ደወል አንዳችም ሥርዓት የሌለን ለምንድን ነው? ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ፓምፕ ነው።

ኮምፓይለሩ የማያየው

አቋሜን ከልክ በላይ እንዳላስፋፋው የሚገታኝ ሌላ እውነት አለ። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በሚገኘው የታውም ሶክ የውሃ ኃይል ማመንጫ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2005፣ የላይኛው ማጠራቀሚያ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ግድግዳው ተደርምሶ ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚበልጥ ውሃ ቁልቁል ወረደ። የውሃውን ከፍታ የሚለኩት ሴንሰሮች ከታሰሩበት ተላቀው ከእውነተኛው ያነሰ ያነቡ ነበር። የመጨረሻ መጠባበቂያ የነበሩት ሁለት ሴንሰሮች ደግሞ ከሚገባው በላይ ከፍ ብለው የተሰቀሉ ከመሆናቸው በተጨማሪ፣ አንዱ ብቻ ሲነካ ሳይሆን ሁለቱም ሲነኩ ነበር ፓምፑን እንዲያቆሙ ፕሮግራም የተደረጉት። «ወይም» በሚለው ፈንታ «እና» መጻፍ ፍጹም ሕጋዊ ነው። የትኛውም ኮምፓይለር በዚህ ላይ አያስጠነቅቅም።

ከዚህ ይበልጥ ወደ እኛ የሚቀርብ ምሳሌም አለ፤ ይህን ያገኘሁት በራሴ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የፈሰሰውን ውሃ በሊትር ለመደመር ባለ 32 ቢት ክፍልፋይ ቁጥር ተጠቅሜ ነበር። በሰከንድ 10 ሊትር የሚፈስ ከሆነና ተቆጣጣሪው በየ10 ሚሊ ሰከንድ የሚደምር ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር የሚጨመረው 0.1 ሊትር ነው። ድምሩ 2,097,152 ሲደርስ በዚህ የዳታ ዓይነት ሊወከሉ በሚችሉ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት 0.25 ስለሚሆን፣ 0.1 ሲጨመር ውጤቱ ተመልሶ ያው ይሆናል። ቆጣሪው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ውሃው ግን ይፈሳል። የዳታ ዓይነቶቹ ሁሉ አንድ ስለሆኑ ኮምፓይለሩ የሚለው ነገር የለም። በሲሙሌሽን አንድ ሰዓት ብቻ ሞክሬው ስለነበር እኔም አላየሁትም፤ አማካሪዬ ናቸው «ለሳምንት አስኪደው» ያሉኝ።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያ የመጨረሻው ጠባቂ ሳይሆን የመጀመሪያው በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ሁሉንም ሌባ አይዝም። ይሁን እንጂ ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ነውና እንዲተኛ የሚያደርግ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

በተግባር ምን ይደረግ?

ከላይ በተባለው መሠረት ሁሉንም እንደ ስህተት መቁጠርም ሆነ ሁሉንም ማጥፋት አይበጅም። በእኔ ግምት ለክልላችን ዓይነት ጣቢያዎች ማጠናቀሩን ሊያስቆሙ የሚገባቸው ጥቂት ናቸው፦ የቁጥር ምልክት የሚለውጥ ዝውውር፣ ትልቁን ወደ ትንሽ የሚያጠብ ዝውውር፣ እንዲሁም አንድን ውጽአት ከሁለት ቦታ የሚያዝ ጽሑፍ። ሦስተኛውን ብዙ ኮምፓይለሮች በራሳቸው አያዩትም፤ ተጨማሪ የመመርመሪያ መሣሪያ ይጠይቃል፣ ለመሣሪያውም አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። በዚያ ፈንታ የእያንዳንዱን ውጽአት ስም በመፈለጊያ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። አሰልቺ ነው፤ ለአንድ ፓምፕ ጣቢያ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጥቅም ላይ ያልዋለ ተለዋዋጭን የመሳሰሉት ቀሪዎቹ ሊዘጉ ይችላሉ፤ ከተዘጉ ግን በሚመለከተው መስመር ዙሪያ ብቻ ይዘጉ እንጂ በፕሮጀክቱ ማስተካከያ ገጽ ላይ በአንድ ጠቅታ አይዘጉ።

ርክክብን በተመለከተ፣ እኔ ያየኋቸው የርክክብ ሰነዶች የቧንቧውን ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የገመዱን ርዝመት በሜትር ይዘረዝራሉ፤ ስለ ፕሮግራሙ ግን «ተጭኖ ተሞክሯል» ከማለት አያልፉም። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሦስት ነገር ቢጨምሩ ይበቃል፤ የፕሮጀክቱ ፋይል ከነይለፍ ቃሉ፣ ሁሉም ማስጠንቀቂያዎች በርተው ሲጠናቀር የወጣው መልእክት ታትሞ፣ የተዘጉት ማስጠንቀቂያዎች ዝርዝር ከምክንያትና ከፊርማ ጋር በአንድ ገጽ። ገንቢዎች የፕሮግራሙን ጽሑፍ መስጠት የሙያ ምስጢር ማውጣት ነው ብለው እንደሚከራከሩ ይታወቃል። ክርክሩ ለልዩ ምርቶች ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ፓምፕ አስነሥቶ ለሚያቆም ፕሮግራም ግን ምስጢሩ ምን እንደሆነ አይገባኝም። ቢያንስ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያለ ፕሮግራሙ ጽሑፍ ሊሰጡ ይችላሉ።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በአብዛኛው ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለሆንን የራሳችንንም ቤት እንመልከት። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን አባሪ ላይ የቁጥጥር ፕሮግራሞችን እናስቀምጣለን። በመከላከያ ዕለት ፈታኞች ስለ ማስተላለፊያ ፈንክሽኑና ስለ ግራፉ ይጠይቃሉ፤ «ፕሮግራምህ በስንት ማስጠንቀቂያ ይጠናቀራል? የትኞቹን ዘጋህ?» ብሎ የጠየቀ ፈታኝ ግን እስካሁን አልሰማሁም። እኔ ብጠየቅ ኖሮ አፍር ነበር። የመጀመሪያውን ረቂቅ ባስገባሁበት ዋዜማ፣ በሥዕሉ ላይ የሚታየው የስክሪን ቅጂ ንጹሕ እንዲመስልልኝ ስል ማስጠንቀቂያዎቹን በሙሉ አጥፍቼ ነበር። ያንን የፓምፕ ጣቢያ ፕሮግራም የጻፈው ሰው ያደረገው ከዚህ የተለየ አይመስለኝም፤ ለርክክቡ ቀን ንጹሕ ስክሪን ፈልጎ ይሆናል። ልዩነታችን የእኔ ፕሮግራም ማንንም ውሃ አለማጠጣቱ ነው።

ወደ ጣቢያው ተመልሼ ከኦፕሬተሩና ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ ቴክኒሺያን ጋር ሆነን የሥራ ሰዓቱን ተለዋዋጭ ወደ ባለ 32 ቢት ቀየርነው። ሁለት መቶውን ማስጠንቀቂያም አንድ በአንድ አየናቸው፤ አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው ነበሩ፤ አሥራ አንዱ መስተካከል ነበረባቸው። የዘጋናቸውን ከነምክንያታቸው በኦፕሬተሩ የፈረቃ መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍን፤ ሌላ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረምና። አንደኛው ማስጠንቀቂያ የጋኑን የውሃ መጠን የሚያነብበውን ሴንሰር የሚመለከት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ ለምን እንደዚያ እንደጻፈው ሦስታችንም ልንረዳው አልቻልንም። ስለዚህ አልዘጋነውም፤ ፕሮግራሙ በተጠናቀረ ቁጥር ይታያል፤ በመዝገቡም ላይ ከቁጥሩ ፊት ለፊት ያለው የምክንያት ዓምድ ባዶ ነው።